የመቻል ሳጥን፦ ከአዲስ አበባ ዱባይ

ግንቦት 27፣ 2016 ዓ.ም.

ባለቤቴ ዱባይ ሥራ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ በሐምሌ፣ እኔና ልጃችን ልንከተላት ተስማምተን ነበር። ልጅቱ ግን ትናንት ማታ እጇን ከማዕዱ ሰብስባ፣ መቻል ካልሄደ እርሷም እንደማትሄድ አስታወቀች። መቻል አምስት ዓመት የሞላው ቡናማ የሐበሻ ውሻ ነው። 18 ኪሎ ይመዝናል፤ አንዱ ጆሮው የቆመ፣ ሌላው የታጠፈ ነው። ከሰፈሩ ውጪ የሚያውቀው ቦታ ቢኖር ለክትባት የሚወሰድበት ክሊኒክ ብቻ ነው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ስንቱ ሰው ቪዛ ያጣበትን አገር ውሻው ሊገባበት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

የሐምሌው ሐሳብ ዛሬውኑ ወደቀ። የእኛ ክረምት የእነርሱ የእቶን ወራት ነው። ዱባይ በሐምሌ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙም አይወርድ። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ መዳፉ ሥር ካለችው ጥቂት ላብ በስተቀር ያለው ዋና መሣሪያ ማለክለክ ነው። 2,400 ሜትር ግድም ላይ፣ በጉምና በብርድ ያደገን ውሻ ከዚያ ሙቀት ውስጥ በሳጥን ማውረድ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ከቀኑ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ፦ የጉዞው ጊዜ ኅዳር መጨረሻ። ስድስት ወር ገደማ አለኝ። በዛብኝ ብዬ ነበር።

ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል ዕለት። ክሊኒኩ ባዶ ስለነበር ሐኪሙ ጊዜ ሰጥቶ አስረዳኝ። መቻል በመጋቢት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል፤ ደብተሩም እጄ ላይ ነው። ነገር ግን ያ ክትባት ለዚህ ጉዞ አይቆጠርም። መጀመሪያ መለያ ቁጥር የያዘችው ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር መግባት አለባት፤ ክትባቱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ወይም በዚያው ዕለት ነው። አለዚያ የተከተበው ይኸው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። አመክንዮው አያከራክርም፤ ገንዘቡ ግን ከኪሴ ወጣ።

ቺፗ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ትበልጣለች። በወፍራም መርፌ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ገባች፤ መቻል ከመርፌው ይልቅ የሐኪሙን ጓንት ነበር የጠላው። ቁጥሯ 15 አሃዝ ነው። ሦስት ጊዜ በማንበቢያ መሣሪያው አስነብቤ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ክትባቱ ተሰጠ፣ ደብተሩ ላይ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ። ሁሉም ያማረ መሰለኝ። ያን ማኅተም በደንብ ባየሁት ኖሮ በኅዳር ያንን ሁሉ ባልተሯሯጥኩ።

ሰኔ 21

ዱባይ የሚገባ ውሻ ከተሳፋሪ ጋር አይገባም፤ እንደ ሻንጣም አይቆጠርም። በካርጎ ሰነድ፣ በጭነትነት ነው የሚገባው። ከመነሳቱም በፊት ከኤምሬቶቹ የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር የማስገቢያ ፈቃድ መያዝ አለበት። ይህን ስሰማ በእጅ የሚያዝ የጨርቅ ቦርሳ የሚያስበው ጭንቅላቴ አረፈው። ጠንካራ ሳጥን ያስፈልጋል ማለት ነው።

የተዘጋጀ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጌ ነበር። በልኩ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የበሩ መያዣ የተሰበረ ሆኖ ዋጋው ግን አዲስ ነው። ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ የሕያው እንስሳት ማጓጓዣ ደንብ እንጨትና ኮምፔርሳቶ ይፈቅዳል። ልጄ ሜትር ያዘች፣ እኔ ውሻውን ያዝኩ።

ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር 74 ሴንቲ ሜትር። ከመሬት እስከ ክርኑ 30። የትከሻው ስፋት 22። ቆሞ ከመሬት እስከ ላይኛው ጫፍ 58። ይህ የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው ከራሱ ወይም ከጆሮው ከፍ ካለው ነው፤ ያቺ የቆመች አንድ ጆሮ ብቻዋን ሦስት ሴንቲ ሜትር አስጨመረችኝ። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ የሳጥኑ የውስጥ ርዝመት የሰውነቱ ርዝመትና የክርኑ ቁመት ግማሽ ሲደመር፤ ስፋቱ የትከሻው ሁለት እጥፍ፤ ከፍታው የቁመቱ ልክና የምንጣፉ ውፍረት። የወጣልኝ 89 በ44 በ62 ነበር። 92 በ48 በ64 አደረግሁት። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ሲሆኑ ደግሞ 10 በመቶ ይጨመራል፤ እነርሱን ለሙቀት አገር ጉዞ ባላስባቸው እመርጣለሁ።

ሐምሌ 4

ሥራው የሚሠራው በጎረቤታችን አናጢ ግቢ፣ ዝናብ ሲያባራ ነው። ጋሼ መሣሪያቸውን ያበድሩኛል፣ ምክራቸውን ግን በግድ ይሰጡኛል። የጥድ ሞራሌ ገዝቼ አጽሙን አቆምኩ፤ ግድግዳውን በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ልሸፍነው ነው። ጋሼ ዙሪያውን ዞረው አዩት፣ በእግራቸውም ነካ ነካ አደረጉት።

«ለመሆኑ ይሄ አልጋ ነው ወይስ ሣጥን?»

«የመቻል ነው ጋሼ። በአውሮፕላን የሚሄድበት።»

«እንግዲያው ማዕዘኑን በኮላ ብቻ አትመነው። አውሮፕላን ሲያርፍ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ» አሉ። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ አስመራ በርረዋል። ማዕዘኖቹን በኮላም በቪቴም አሰርኳቸው።

ሐምሌ 12

ክትባቱ 30 ቀን ሞላው። በእኛ አቆጣጠር ወር ማለት ሠላሳ ቀን ስለሆነ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ነው፤ ጣት መቁጠር አያስፈልግም። ዛሬ ደም ተቀዳ። ከእግሩ ፀጉር ላጭተው ሲወጉት ወደ ልጄ ዞሮ ተመለከታት፤ ያለቀሰችው እርሷ ነች።

የደሙ ጉዳይ ይህ ነው፦ ክትባት መሰጠቱ ብቻ አይበቃም፣ መያዙም መረጋገጥ አለበት። ፈሳሹ ከደም ሕዋሳቱ ተለይቶ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ ውጭ አገር ወደሚገኝ ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራ ይላካል። በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ፀረ እንግዳ አካል መገኘት አለበት። ሠላሳ ቀን የጠበቅሁት ነገ ወደ አውሮፓ መሻገር ቢመጣ ደሙ እዚያም እንዲያገለግል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከክትባት በኋላ 30 ቀን፣ ደም ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ያስጠብቃል። ለዚህ ምርመራ ያወጣሁትን ለሳጥኑ ካወጣሁት ጋር ሳስተያየው ሳጥኑ በነፃ የመጣ ያህል ነው።

ሐምሌ 23

አጽሙን አፈረስኩት።

ከጭነት አስተላላፊው ጋር በስልክ ስነጋገር፣ እግረ መንገዱን «ጣውላው ማኅተም አለው አይደል?» አለኝ። ማኅተም? ድንበር የሚሻገር ጥሬ የማሸጊያ እንጨት ነፍሳት ይዞ እንዳይሄድ፣ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ተሰጥቶት ምልክት ሊመታበት ይገባል። የእኔ ሞራሌ የሚያውቀው ሙቀት የጋሼን ሻይ ብቻ ነው። ኮምፔርሳቶ ግን ሲሠራ በሙጫ፣ በሙቀትና በግፊት ስለተጣበቀ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ጥዱን አውጥቼ አጽሙን ከተደራረበ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ሠራሁት። አሥራ አንድ ቀን ባከነ። ጋሼ ከወደቀው ሞራሌ በርጩማ ሠሩበት።

ሐምሌ 30

አየር። ከሳጥኑ ሁሉ ብዙ ያሰብኩበት ይህ ነው። ደንቡ ክፍት ቦታው ከአራቱ ጎኖች ጠቅላላ ስፋት ቢያንስ 16 በመቶ እንዲሆን ይላል። አራቱ ጎኖች 17,920 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ 16 በመቶው 2,867 ይሆናል። በሩ ከሞላ ጎደል ሙሉውን የሽቦ መረብ ነው፣ 40 በ56፤ ይህ ብቻውን 2,240። በሁለቱ ጎኖች 30 በ12 የሆኑ መስኮቶች፣ ከኋላ 30 በ15። ጠቅላላው 3,410፣ 19 በመቶ። ለሙቀት አገር ከዝቅተኛው ልክ በላይ መሄድ አለብኝ ብዬ ነው።

መረቡን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ25 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሆን አለበት፤ አፍንጫም ጥፍርም ሾልኮ እንዳይወጣ። ሻጩ «ለዶሮ ነው?» አለኝ። «ለውሻ» ስለው ዋጋውን ጨመረ። የሽቦውን ጫፍ ሁሉ በኮምፔርሳቶ ጠርዝ ሸፈንኩ፣ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በየማዕዘኑ አሳለፍኩት። አንድ የቪቴ ጫፍ ያዘኝ። መቻልን ሳይይዘው እኔን መያዙ ጥሩ ነው።

በጎኖቹ ላይ ሁለት ሴንቲ ተኩል የሚወጣ ዘንግ ዙሪያውን መታሁ። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ሌላ ጭነት ተጠግቶ ቢደረደር መስኮቶቹን እንዳይዘጋቸው ነው። ሠራተኞችም የሚይዙት እርሱኑ ነው።

ነሐሴ (በአንድ ላይ)

ዝናቡ የሚጻፍ ነገር አላስቀረልኝም። ልምምድ ብቻ ነው። በሩን አውልቄ ሳጥኑን ሳሎን አስቀመጥኩት፣ ምግቡን ከውስጥ ማቅረብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አንገቱን ብቻ አስገብቶ፣ የኋላ እግሮቹን ውጭ ተክሎ ይበላ ነበር። አራተኛው ቀን ልጄ አሮጌ ጋቢዋን አነጠፈችበት። ማታ ስንነሳ ከውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ከዚያ በሩ ገባ፤ አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ ግማሽ ሰዓት፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ። በመጨረሻም በጎረቤት ፒክአፕ ተጭኖ ቀለበት መንገዱን ዞረ።

ማስተኛ መድኃኒት የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ሐኪሙ እምቢ አለ፤ አየር መንገዶችም አይወዱትም። የደነዘዘ ውሻ የሰውነቱን ሙቀትና ሚዛን መጠበቅ ያቅተዋል።

ጳጉሜን 3

ውጤቱ መጣ፦ 1.9። ልጄ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ያህል ደስ አላት።

ጥቅምት 16፣ 2017

አዲስ አበባ ላይ ሙቀት ከየት ይምጣ? ሳጥኑን ጭነን አዋሽ ሰባት ወረድን፤ ከፍታው 1,000 ሜትር ግድም ነው፣ አየሩ ዛሬ 33 ዲግሪ ነበር። ሁለት ቴርሞ ሜትር ይዣለሁ። ሳጥኑ ባዶውን ጥላ ሥር ሲቀመጥ ውስጡ 34 ሆነ። አየር መተላለፊያው ይሠራል ማለት ነው፤ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ወደ ፀሐይ ገፋሁት። በ25 ደቂቃ 43 ደረሰ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ተመለከትኩት። ያ ሁሉ መስኮት፣ ያ ሁሉ ስሌት ከጥላ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የአውሮፕላኑ የእንስሳት መጫኛ ክፍል አየሩና ሙቀቱ የተመጠነ ነው፤ ውሻ የሚጎዳው ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲጠብቅ ነው። ነጭ አንሶላ ከጣሪያው ከፍ አድርጌ በዘንግ ስዘረጋበት ወደ 39 ወረደ። ስለዚህ ጣሪያው ነጭ ይቀባል። ዋናው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው፦ ሌሊት ተነስቶ ሌሊት የሚያርፍ በረራ፣ ሌላ አልፈልግም።

መቻልን በጥላው ለአሥር ደቂቃ አስገባሁት። ምላሱ ጫፏ ሰፍታ ወጣች፤ ትንፋሹን በደቂቃ 150 ድረስ ቆጥሬ አቆምኩ። አውጥተን ውኃ ሰጠነው፤ ሆዱን አቀዘቀዝነው። ሲመለስ ናዝሬትን እስክናልፍ ተኛ።

ኅዳር 6

ዛሬ በራሴ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሮጥኩ።

ለማስገቢያ ፈቃዱ ሰነዶቹን የላክንላቸው ሰዎች ከዱባይ መልስ ሰጡ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ከስምንት ዓመት በፊት የተሰጠ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም። ደብተሩን ገለጥኩ። 12/10/2016 ይላል። ሰኔ 12 ቀን 2016፤ ለእኔ የማያሻማ። ለእነርሱ ግን ኦክቶበር 12፣ 2016 ነው፤ መቻል ያን ጊዜ አልተወለደም። ቤተ ሙከራው ወረቀት ላይ ደግሞ የክትባቱ ቀን ጁን 19፣ 2024 ተብሏል፤ ያን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በእነርሱ አቆጣጠር። ሁለት ወረቀት፣ አንድ መርፌ፣ ስምንት ዓመት ልዩነት።

ክሊኒኩ ጥፋቱን በመልካም ፊት ተቀበለ። አዲስ ደብተር፣ ሁሉም ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በፊደል፤ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር። ይህን ለሚከተል ሰው የምለው ቢኖር ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት ቀኑን እንዲያነብ ነው።

ኅዳር 18

ፈቃዱ ወጣ። የአንጀትና የቆዳ ጥገኛ መድኃኒት ተሰጠ፤ እነዚህ ሆን ተብለው ወደ ጉዞው ተጠግተው የሚሰጡ ናቸው። የመንግሥት የጤና ሰርተፊኬቱ ቀጠሮ ተይዟል። ጭነቱ የሚከፈልበት በክብደቱ አይደለም፤ ሳጥኑ ከውጭ 96 በ56 በ72 ነው፣ ይህ ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል 65 ኪሎ ግድም ይወጣል። ውሻውና ሳጥኑ አንድ ላይ 39 ኪሎ ናቸው። የምከፍለው መቻል ለሚተነፍሰው አየር ነው።

ኅዳር 25

የኤምሬቶች ብሔራዊ ቀን፣ ዲሴምበር 2 እና 3፣ ስላለፈ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ላይ ናቸው። በረራው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል። ከቀትር በፊት ጥቂት በላ፤ ከዚያ በኋላ እኔ የነቢያትን ጾም፣ እርሱ የአየር መንገዱን ጾም ጾምን። ውኃው በጣሳው ውስጥ በረዶ ሆኖ ነው በሩ ላይ የታሰረው፤ ሲጫን አይፈስም፣ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ጋቢዋ ሥሩ አለች። «ሕያው እንስሳ» የሚለው አረንጓዴ ምልክትና ቀስቶቹ ተለጥፈዋል።

የካርጎው ሠራተኛ ሳጥኑን ዞሮ አየው፣ ዘንጉን ይዞ ነቀነቀው፣ «ማን ሠራው?» አለ። እኔ ስለው ዝም ብሎ ፈረመ።

ኅዳር 26

ዱባይ ያረፍነው፣ ከእኩለ ሌሊት በሚቆጥረው በአገሩ ሰዓት፣ ከንጋቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። 20 ዲግሪ። በር ላይ ቆሜ እንደ ገና ስጦታ ተቀበልኩት ያንን ቁጥር። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ወደ ቤት ሄደች፣ እኔ ወደ ካርጎው። ቺፑ ተነበበ፤ 15ቱም አሃዝ። ወረቀቶቹ ታዩ፣ ክፍያ ተከፈለ፣ ሌላ መስኮት፣ ሌላ ክፍያ። መቻል በእጄ የገባው ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ጣሳው ባዶ፣ ጋቢው ደረቅ። ውኃ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን የመጀመሪያ ምሰሶ አግኝቶ የጉዞውን ሁሉ ከፈለ።

ታኅሣሥ 11

ሙቀቱን ስንፈራ ያሸነፈው እብነ በረድ ሆነ። ወለሉ ላይ አራት እግሩ ወደ አራት አቅጣጫ ይሄድበታል። ሊፍት ሲዘጋበት ሳጥን መስሎት ይተኛል።

መጋቢት 29

ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ስለ መሬት ነው። ዛሬ ከሰዓት አየሩ 36 ሲሆን አስፋልቱን በኢንፍራሬድ ቴርሞ ሜትር ለካሁት፦ 55። የእጄን ጀርባ አስቀምጬ ሰባት ድረስ መቁጠር ካልቻልኩ መዳፉም አይችልም፤ አራት ላይ አነሳሁት። የእግር ጫማ ገዛንለት። ኩሬ እንደሚሻገር ፈረስ እግሩን እያነሳ ሄደ፤ ልጄ ሳቀች፣ እርሱ ተቀየመ። ጫማው ቀረ፣ ሰዓቱ ተለወጠ። የምንወጣው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው፤ ማሰሪያውንም አንፈታም፣ የ2016ቱ የፌዴራል ሕግ (የእነርሱ 2016) በአደባባይ ውሻን በማሰሪያ መያዝ ግዴታ ያደርጋል።

ግንቦት 17

ትናንት ስዌሃን በምትባል የአቡ ዳቢ አካባቢ 51.6 ዲግሪ ተመዘገበ። እዚህ ያን ያህል አይደለም፤ ነገር ግን እርጥበቱ አለ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ደረቅ ስለነበር ማለክለኩ ይሠራለት ነበር። እዚህ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ምላሱ ላይ ያለው ውኃ የሚተንበት ቦታ የለም። 32 ዲግሪ እዚህ በባሕሩ ዳርቻ በማለዳ ከአዋሹ 33 የከፋ ሆኖ አገኘሁት። በማስታወሻዬ መጀመሪያ ላይ ዲግሪ ብቻ እየቆጠርኩ ነበር፤ እርጥበቱንም መጻፍ ነበረብኝ።

ግንቦት 20

ከንጋቱ 5 ሰዓት። 31 ዲግሪ፣ እርጥበት 78 በመቶ። እጄን አስፋልቱ ላይ አስቀምጬ ሰባት ቆጠርኩ። መቻል በር ላይ ቆሞ አየሩን አሸተተ፤ ጥግ ድረስ ሄደ፣ ጉዳዩን ጨረሰ፣ ዞረ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ቤት ሲገባ በቀጥታ ማቀዝቀዣው ሥር ወዳለው ሳጥን ሄዶ ጋቢው ላይ ተጠቀለለ። በሩን በታኅሣሥ ነው ያወለቅሁት፤ ማጠፊያዎቹ መሳቢያ ውስጥ አሉ።